የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ
(በእግር ጉዞ ላይ ስለሚበላ የአገር ምግብ በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ስብሰባ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ ከአዘጋጆቹ የተሰጠኝ ማሳሰቢያ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ጉዳዩ ከሙያችን እንዳይርቅ፣ ነገር ግን ሰሚን በቀመር እንዳያሰለች የሚል ነው። ብዙ ካወጣሁና ካወረድሁ በኋላ ስለ ምግብ ለመናገር ወሰንሁ። ምግብ ስል ግን በከተማ ገበታ ቀርበን የምንመገበውን ማለቴ አይደለም። በዕረፍት ጊዜው ረጅም መንገድ በእግሩ የሚጓዝ ሰው ከሚያልፍበት አገር አግኝቶ ስለሚበላው ምግብ ማለቴ ነው። እግረኛ ስንቁን ከቤቱ ተሸክሞ ይሂድ ወይስ የደረሰበትን አገር እህል ይብላ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር። በስሜን ተራሮች ያሳለፍኋቸው ሰባት ቀናት ግን ሁለት ነገሮችን አስተማሩኝ። አንደኛው ስለ ሙቀት ነው፤ ሁለተኛው ስለ ጭነት ነው። ሁለቱም በትምህርት ቤት ተምሬ ፈተና ያለፍሁባቸው ጉዳዮች መሆናቸውን ስናገር ትንሽ አፍራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. ሦስት የሙያ ጓደኞቼና እኔ የዓመት ዕረፍታችንን ወስደን ከደባርቅ እስከ ራስ ደጀን በእግር ለመሄድ ተነሣን። ስለ መንገዱ ጥቂት ልናገር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመ ሲሆን በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥቶ የገደሉን አፋፍ ይዞ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው በመጀመሪያ ሳንቃበር፣ ቀጥሎ ግጭ፣ ከዚያም ጨነቅ ያድራል፤ ሦስቱም ከ3,200 ሜትር በላይ ናቸው። ከጨነቅ በኋላ በቧሂት ትከሻ 4,200 ሜትር ያህል ወጥቶ፣ እስከ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ይወርድና፣ እንደገና አቀበቱን ተያይዞ አምቢቆ ከተባለው መንደር ይደርሳል። ራስ ደጀን ከአምቢቆ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው። የቀድሞ ካርታዎች 4,620 ሜትር ይሉት የነበረው ይህ ጫፍ በዛሬው ልኬት 4,550 ሜትር ገደማ ነው።

አራታችንም መሐንዲሶች ነንና ስንቃችንን ያዘጋጀነው እንደ መሐንዲስ ነበር። በተራራ ላይ የሚጓዝ ሰው በቀን ከ3,000 እስከ 4,000 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል ብለን አሰላን፤ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድፍን ምስር፣ በቆርቆሮ የታሸገ ባቄላና ዓሣ፣ ብስኩት፣ ስኳር ገዛን፤ በነጭ ጋዝ የሚሠራ ምድጃ ጨመርን፤ ሁሉንም መዝነን፣ በየቀኑ ከፋፍለን፣ በየከረጢቱ ላይ ቁጥር ጻፍንበት። ምድጃውና ነዳጁ ሲጨመር 52 ኪሎ ሆነ። በደባርቅ መንገድ መሪ፣ ስካውት እየተባለ የሚጠራ የታጠቀ ጠባቂና ሁለት ባለ በቅሎዎች ተቀላቀሉን። ከእነርሱ ውስጥ የጠባቂው ጓዝ አሳቀን። ከጠመንጃቸውና ከጋቢያቸው በቀር የያዙት አንዲት ትንሽ ስልቻ ብቻ ነበረች።

በሁለተኛው ማታ ግጭ አደርን። ነፋሱ ብርቱ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነበር። ምስሩን ጥደን ጠበቅን። ድስቱ ቶሎ ፈላ፤ ምስሩ ግን አልበሰለም። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሆነ፤ ለሦስት ቀን የመደብነው ጋዝ እየተቃጠለ አለቀ። ተስፋ ቆርጠን ፓስታውን ብንጥድ ውጩ ሙጫ፣ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ወጣ። ከመካከላችን አንዱ ከፍታው ራሱን አሳምሞት ስለ ነበር ብስኩት አፉ ሲደርስ ያቅለሸልሸው ጀመር። በዚያች ሌሊት አራት የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን በ52 ኪሎ ምግብ አጠገብ ተቀምጠን ተራብን።

ምክንያቱን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ከፍ ባልን ቍጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በግጭ በ88፣ በራስ ደጀን ጫፍ በ85 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብንጨምር የምናተርፈው እንፋሎት ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ጥሬ ጥራጥሬን የሚያለሰልሰው ደግሞ ሙቀቱ እንጂ መንተክተኩ አይደለም። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። ነገር ግን ዕውቀቱን በቢሮ ትተን ምስሩን ይዘን ሄድን።

ጠባቂው ይህን ሁሉ ሲመለከቱ ቆይተው ስልቻቸውን ፈቱ። በጣሳ ውሃ ቀዱ፤ ቁንጥር ጨው ጣሉበት፤ ከስልቻው ሁለት እፍኝ በሶ ጨምረው በጠበጡና ለታመመው ጓደኛችን ሰጡት። እርሱም ፉት አለው፤ አልመለሰውም። ለእኛም በጥቂት ውሃ አሽተው በየእጃችን አስጨበጡን።

«ጋሼ፣ ይህን ብቻ ይዘው ነው ሰባት ቀን የሚሄዱት?» አልኋቸው።

«ለእኔ ይበቃኛል» አሉ። «እሳት አይጠይቀኝ፣ ድስት አይጠይቀኝ። ውሃ ካለበት ሁሉ ምሳዬ አለ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ለከፍታ ሕመም መድኃኒቱ መውረድና ማረፍ እንጂ በሶ አይደለም፤ ጓደኛችንም የዳነው በማግስቱ አርፎ ስለ ዋለ ነው። በሶው ያደረገው ባዶ ሆዱን መያዝ ነው። ይህም ቢሆን የእኛ 52 ኪሎ ያልቻለው ነገር ነበር።

በሶ ፊደል ስንቆጥር መጀመሪያ ካነበብናቸው ቃላት አንዱ ነው። ሆኖም እንደ መሐንዲስ አስቤበት አላውቅም ነበር። ገብሱ ይታመሳል፤ ይፈተጋል፤ ይቆላል፤ ይፈጫል። በደረቅ ምጣድ ላይ ውሃ የለም፤ ውሃ ከሌለ ደግሞ የመፍላት ነጥብ የሚሉት ጣሪያ የለም። ምጣዱ ከ100 ዲግሪ እጅግ አልፎ ይግላል፤ ከፍታው 1,000 ይሁን 4,000 ሜትር አይገደውም። ስለዚህ ገብሱ የሚበስለው የአየር ግፊት በማይነካው መንገድ ነው። ከዚያም ደርቆ ስለሚፈጭ አይበላሽም፤ እግረኛውም ውሃን የሚጨምርበት ምንጭ ዳር ሲደርስ ነው። አንድ ኪሎ በሶ 3,500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል። በቆርቆሮ የታሸገው ባቄላችን ግን ከሚዛኑ አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ በኪሎ ከ1,000 ብዙ አይርቅም፤ የቆርቆሮው ክብደት ሳይቈጠር ማለት ነው። እኛ እንግዲህ በሺህ ምንጭ መካከል ውሃ በበቅሎ ጭነን ተጓዝን።

ሽሮም እንዲሁ ነው። ድፍን አተርና ባቄላ በዚያ ከፍታ ለመብሰል ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የደጋ ሴት ግን አስቀድማ ቆልታ ስለምትፈጨው በአንድ እቅፍ ኩበት ወጡ ይደርሳል። እንጀራውም ቢሆን የሚጋገረው በምጣድ እንጂ የሚቀቀል አይደለም። ማገዶ ባነሰበት፣ የአስታው ዛፍ በተመናመነበት አገር ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት አልሆነም።

ይህ መፍትሔ በእኛ አገር ብቻ የተገኘ አይደለም። ቲቤቶች ገብስ ቆልተው ፈጭተው ትሳምፓ ይሉታል፤ በሻይና በቅቤ ለውሰው ይበሉታል። ዛሬ በኔፓል ተራሮች በእግር የሚጓዝ እንግዳም በየማረፊያው ገንፎውን ያገኛል። በካናሪ ደሴቶች የፍየል እረኞች ጎፊዮ የተባለውን የተቆላ እህል ዱቄት በስልቻ ይዘው ተራራ ይወጡ ነበር። በኢኳዶር አንዲስ ደግሞ ማቺካ የሚሉት የተቆላ ገብስ ዱቄት አለ። ይህን ሁሉ አንዱ ከሌላው የተማረው አይመስለኝም፤ አንድ ዓይነት ችግር አንድ ዓይነት መልስ ወለደ እንጂ። የእኛ አባቶች ደግሞ በሶውን፣ ቆሎውንና ድርቆሹን ይዘው አድዋን ያህል መንገድ በእግራቸው ዘምተውበታል። ገብስን የእህል ንጉሥ ማለታቸው ለማሞገስ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን የመጣው ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በኢትዮጵያ የገብስ ዝርያ ብዛት የተደነቀ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ በሽታን የመቋቋም ባሕርይ ኋላ በሌሎች አገሮች የገብስ እርሻ ላይ ጠቅሟል።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። ከግጭ በኋላ እኛም ይህን ተረት መመሪያችን አደረግነው። ጨነቅ ስንደርስ ከጠባቂውና ከባለ በቅሎዎቹ በሶና ቆሎ ገዝተን በላን፤ ከእንግዲህ እስከ መጨረሻው የአገሩን እህል እንጂ የቆርቆሮ ምግብ አንነካም ብለን ተስማማን። ራሳችንንም እንደ ብልሆች ቈጠርን። ንግግሬ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ታሪኩ የደስታ በሆነ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ማታ አምቢቆ ደረስን። ከባለ በቅሎዎቹ የታላቅየው ዘመድ የሆኑ አንዲት እናት ቤታቸው አስገቡን። እኛ አራት፣ ከእኛ ጋር ያሉት አራት፣ በጠቅላላው ስምንት ሰዎች ነበርን። ዕለቱ ዓርብ ነበርና የገብስ እንጀራ በጾም ሽሮ፣ ድንች ቅቅልም ቀረበልን። ከአምስት ቀን መንገድ በኋላ ያን ምግብ የበላ ሰው ጣዕሙን አይረሳም። እጃችንን ስንሰበስብ እኒያ እናት «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» እያሉ ያጎርሱን ነበር። በማለዳም ትኩስ የገብስ ቂጣ አቀረቡልን። ገንዘብ ልንሰጥ ብንል «የእግዜር እንግዳ ሒሳብ ይጠየቃል እንዴ?» ብለው እጃችንን መለሱት። እኛም መርቀውን፣ ደስ ብሎን ወጣን።

ወደ ራስ ደጀን ስንወጣ መንገዱ በገብስ ማሳ መካከል ያልፋል። እህሉ አሽቶ፣ ገና ቢጫ ሳይሆን፣ ነፋሱ እንደ ባሕር ያወዛውዘው ነበር። «እንዴት ያለ ጥጋብ ነው!» አልሁ።

ባለ በቅሎው ወዲያው አልመለሱልኝም። ጥቂት ከሄድን በኋላ እንዲህ አሉ፦ «ማሳውስ ያምራል ልጄ፤ ጎታው ግን ባዶ ነው። ይህ የሚታጨደው ኅዳር ሲያልቅ፣ ታኅሣሥ ሲገባ ነው። ያምናው እህል ደግሞ ክረምቱን አዝልቆ እዚህ ላይ ያልቃል። ትናንት የበላነው ከጎረቤት በብድር የመጣ ዱቄት ነው።»

«ታዲያ አባቴ፣ ለምን ትናንት አልነገሩንም?»

«እንግዳ ፊት የጎታ ነገር ይወራል?»

ከዚያ ወዲያ እስከ ጫፉ ድረስ ብዙ አልተነጋገርንም። እኔ ግን የለመደብኝ ነውና በልቤ አሰላሁ። ስምንት ሰዎች በራትና በቁርስ የበላነው ቢያንስ ስድስት ኪሎ ዱቄት ይሆናል። ይህ የአንድ መካከለኛ ቤተሰብ የሁለት ቀን ቀለብ ነው፤ ያውም በዓመቱ ውስጥ እህል እጅግ በጠፋበት ወር። በዚያው ሰዓት ደግሞ ከቤቱ ደጃፍ ታስራ በነበረችው በቅሎ ጭነት ውስጥ 30 ኪሎ የሚሆን የእኛ ምግብ ሳይነካ ተቀምጦ ነበር።

በማግስቱ ስንመለስ ያን ምግብ አውጥተን አቀረብንላቸው። ስኳሩንና ብስኩቱን ለልጆቹ ተቀበሉ። ሩዙንና ምስሩን ግን በእጃቸው አገላብጠው ካዩ በኋላ «ደግ እህል ነው፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ ጊዜ የሚፈላው በምን ማገዶ ነው? ክረምቱ ገና አሁን ነው የወጣ፤ ኩበቱ እንኳ በወጉ አልደረቀም» አሉ። እኛ ግጭ ላይ ጋዝ አቃጥለን የተማርነውን እርሳቸው ድስት ሳይጥዱ ያውቁት ነበር። በመጨረሻም ከመንገድ መሪያችን ጋር ተመካክረን የስድስቱን ኪሎ ዱቄት በደባርቅ ገበያ ዋጋ አስልተን፣ «ይህ የእንግድነት ዋጋ አይደለም፤ ከጎረቤት የተወሰደው ብድር ነው፤ የበላነው እኛ ነንና መላሾቹም እኛ ነን» አልናቸው። ትንሽ አሰቡና «ብድርማ ይመለሳል» ብለው ተቀበሉን።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ሁለተኛው ትምህርት ይህ ነው። በሕንጻ ስሌት የመጀመሪያው ሕግ ጭነት አይጠፋም የሚል ነው። ከወለል ወደ አግዳሚ፣ ከአግዳሚ ወደ ዓምድ፣ ከዓምድ ወደ መሠረት ይተላለፋል። ከአንድ ዓምድ ላይ ጭነት አነሣሁ የሚል መሐንዲስ ወዴት እንዳሳለፈው ካልተናገረ ሥራውን አልሠራም። እኛ ከጨነቅ በኋላ ጭነት የቀነስን መስሎን ነበር። ያደረግነው ግን ሸክሙን ከበቅሎዋ ጀርባ አንሥተን በአንዲት እናት ጎታ ላይ መጫን ነው። በሶውም ቢሆን እሳት አይፈልግም ስንል እሳቱ ቀድሞ በሌላ ቤት ነድዶ፣ ሌላ ሰው ፈትጎ፣ ቆልቶ፣ ፈጭቶት ነው። የአገር ምግብ ቀላል የሚሆነው ለሚበላው ነው፤ ክብደቱን የሚያውቀው ያዘጋጀው ነው።

ይህን ለእግረኛ ብቻ የምናገረው ከመሰላችሁ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዚያ ጉዞ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በአንድ የገጠር መንገድ ሥራ ላይ ነበርሁ። በወጪ ዝርዝሩ ውስጥ ድንጋዩና የጉልበቱ ሥራ «የኅብረተሰቡ መዋጮ» ተብሎ ዋጋው ዜሮ ተጽፎ ነበር። የሥራውን ጊዜ የወሰንሁት እኔ ነኝ፤ ዝናቡ ያበቃል፣ ወንዙ ይጎድላል ብዬ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አደረግሁት። በምሕንድስና ዓይን ትክክል ነበር። ሰዎቹ ግን አርፍደው ይመጡ ነበር፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ይደክማሉ፤ ብዙዎቹም ይቀራሉ። እኔም በሪፖርቴ ላይ «የሥራ ተነሣሽነት ማነስ» ብዬ ጻፍሁ። ጎታቸው ባዶ መሆኑን ለማወቅ በአምቢቆ የሰው እንጀራ መብላት ነበረብኝ። ያ ሪፖርት ዛሬም በአንድ መሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ በፊርማዬም የጸና ነው።

በዚህ የተነሣ የአገሩን ምግብ አንብላ የሚል አሳብ የለኝም፤ እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የምለው። በረጅም የእግር መንገድ ላይ ከአገሩ እህል የተሻለ ስንቅ አይገኝም፤ ከአገሬው ጋር አንድ ገበታ ላይ ያልቀረበ መንገደኛም አገሩን አየሁ ሊል አይችልም። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ ወሩን ይጠይቅ። በጥርና በየካቲት የተትረፈረፈው እህል በነሐሴና በጥቅምት የለም። ሁለተኛ፣ በሶና ቆሎውን፣ ሽሮውን ጭምር፣ ከመነሻው ገበያ በዋጋ ይግዛ፤ ያኔ የአገሩን ምግብ እየበላ የማንንም ጎታ አይነካም፤ ገንዘቡም ለሸጠችው ሴት ይደርሳል። ሦስተኛ፣ ከሰው ቤት የሚበላ ከሆነ ዋጋው ራት ላይ ሳይሆን ከመድረሱ በፊት በአገሬው ሰው በኩል ይነገር። በገበታ ላይ የቀረበ ገንዘብ እንግዳ ተቀባይን ያሳፍራል፤ አስቀድሞ የተነገረ ዋጋ ግን ሥራ ነው። በሰሜን ወሎ በመቄትና በላስታ ደጋ የገበሬው ማኅበረሰብ ራሱ የሚያስተዳድራቸው የእግረኛ ማረፊያዎች የተመሠረቱት በዚህ ሥርዓት ነው። እንግዳው የአገሩን ምግብ ይበላል፤ ዋጋውም አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በእነዚህ መንገዶች የሚሄደው እግረኛ እጅግ አንሷል። ባለ በቅሎዎች፣ መሪዎችና ጠባቂዎች ከእንግዳ ያገኙት የነበረው ገቢ ቀርቶባቸዋል። መንገዱ እንደገና ሰላም አግኝቶ እንግዳ በሚመለስበት ቀን ቀድመው ከሚሄዱት መካከል መሆን እመኛለሁ። ያን ጊዜ የምይዘው አንዲት ትንሽ ስልቻ ነው። በሶውን ከደባርቅ ገበያ በዋጋው እገዛለሁ፤ አምቢቆም ስደርስ ከሰላምታ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «እህሉ ገባ ወይ?» የሚል ይሆናል።